ለጠላትም ሁለት ዓይን ይሠራለት



ዛሬ የምከራከረው ስለ ጭቃ ወታደር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም በአንዳንድ አጥቢያዎቻችን ልጆች የሠሩትን የጭቃና የፕላስቲክ ሰራዊት «ጣዖት ነው፤ የደም መንፈስ ይጠራል» እያሉ በእግራቸው የሚረግጡ አገልጋዮች አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ «ተዉአቸው፣ ጀግንነት ይማሩበት» ብለው በፈገግታ የሚያልፉ አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች አሉ። እኔ ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል ባይ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ መሰበር የሌለበትን ይሰብራሉ፤ ሁለተኛዎቹ መታረም ያለበትን ያሳልፋሉ። ከሁለቱ የከፋው የትኛው ነው ብትሉኝ ሁለተኛው ነው እላለሁ፤ ምክንያቱን ቆይቼ አመጣዋለሁ።

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማታውቁት ላስረዳ። በእኛ በፃግብጂ ፍየል የሚጠብቁ ልጆች ወንዝ ዳር ሲውሉ ዋልካ አፈር ያቦካሉ። ከዚያ ሰው ይሠራሉ፤ ቁመቱ ከጣት አይበልጥም። ጦሩ የግራር እሾህ ነው። ጋሻው የተሰበረ ቅል ቁራጭ ወይም የለስላሳ ቆርኪ ነው። ፈረሱ የማሽላ አገዳ ነው። አገራችን የማርና የፍየል አገር ስለሆነ ሰምና ጠጉር አይቸግርም፤ የፍየል ጠጉር በሰም ተጣብቆ በወታደሩ ራስ ላይ ሲቀመጥ የአንበሳ ጎፈር ይሆናል። ለቀለም ከሰል፣ አመድና ቀይ አፈር አለ። ከሰቆጣ ገበያ አረንጓዴ የፕላስቲክ ወታደር የተገዛለት ልጅ ከተገኘ ደግሞ ሥራው ይረቅቃል። ቢላዋ በእሳት አግሎ የብረት ቆቡንና ጠመንጃውን ይቆርጣል፤ በቦታው ጎፈርና ጦር ይተክላል፤ በነጭ ጨርቅ ቁራጭ ኩታ ያለብሰዋል። ጠዋት የባዕድ አገር ወታደር የነበረው አሻንጉሊት ማታ የዋግሹም ጓንጉል ጭፍራ ሆኖ ዓድዋ ይዘምታል።

ይህን የሚያደርጉት የእኛ ልጆች ብቻ እንዳይመስሏችሁ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር ኤርፊክስ የተባለው ኩባንያ ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች በሳጥን እያደረገ ይሸጥ ነበር፤ ከነሱም መካከል ሮማውያንና የጥንት ብሪታንያውያን ነበሩ። የጥንቱን ዘመን ጦርነት በጠረጴዛ ላይ መጫወት የሚወዱ ጎልማሶች ግን የካርታጎም፣ የፋርስም፣ የመቄዶንያም ሰራዊት ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ የአንዱን ራስ ቆርጠው በሌላው አንገት ላይ በስፒል እየሰኩ፣ ከወረቀት ጋሻ እየቆረጡ፣ በቀጭን ብሩሽ እየቀቡ የሚፈልጉትን ሕዝብ ሁሉ ከነዚያው ሳጥኖች ያወጡ ነበር። ይህ ሥራ ዛሬም ብዙ ወዳጆች አሉት፤ የአክሱም ሰራዊት ሳይቀር ይሠራል።

ሥራውን ልብ ብላችሁ ካያችሁት አንድ ትልቅ ነገር ታገኙበታላችሁ። ሮማዊውና የሮማ ጠላት ከአንገት በታች አንድ አካል ናቸው። ልዩነታቸው ቆብና ቀለም ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ቆሞ እግዚአብሔር የሰውን ወገን ሁሉ ከአንድ እንደ ፈጠረ ሲያስተምር (ሐዋ. 17፥26) የተናገረውን እውነት ቢላዋ የያዘ ልጅ በእጁ ይዳስሰዋል። ደግሞም የራስን ወገን ብቻ ሠርቶ ጨዋታ የለም። ጠላትም በአንድ ሰው እጅ መሠራት፣ መድረቅ፣ መቀባት አለበት።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ተከራካሪዎች ልምጣ። እነዚህ ወንድሞች ዘፀአት 20፥4ን ይጠቅሳሉ። ቃሉን ማክበራቸው ደስ ይለኛል፤ ግን ቁጥር 5ንም አብረው ያንብቡት። የተከለከለው ለተቀረጸ ምስል መስገድና ማምለክ ነው። እግዚአብሔር ራሱ በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 25 ላይ ኪሩቤልን ከወርቅ እንዲሠራ ሙሴን አዝዞታል። ለጭቃ ወታደር የሰገደ ልጅ እስካሁን አላየሁም። ዝናብ ሲመጣ ትቶት ወደ ቤት ይሮጣል፤ በማግስቱ ወታደሩ ተመልሶ አፈር ሆኗል።

ከዚህ የበለጠም አለኝ። ሕዝቅኤል 4፥1-3ን አውጡና እዩ። እግዚአብሔር ነቢዩን ጡብ እንዲወስድ፣ የኢየሩሳሌምን ከተማ በላዩ እንዲስል፣ በዙሪያዋ ምሽግና የአፈር ድልድል እንዲሠራ፣ ሰፈርና የቅጥር መደርመሻ እንዲያቆም አዘዘው። በመካከልም የብረት ምጣድ እንደ ቅጥር እንዲያቆም ነገረው። አንድ ትልቅ ሰው፣ የካህን ልጅ፣ ሰው እያየው በጡብና በምጣድ ጦርነት ሲሠራ አስቡት! አንዳንዶቻችን በዚያ ብናልፍ ኖሮ በእግራችን በተንነው ነበር። የተከበበችው ከተማ የማን እንደ ሆነችም አስተውሉ። የባቢሎን አይደለችም፤ የነቢዩ የራሱ ከተማ ናት። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ኢሳይያስ 2፥4ን የሚጠቅሱም አሉ፤ ሰይፍ ማረሻ ይሆናል፣ ሰልፍም ከእንግዲህ አይማሩም የሚለውን ተስፋ። አሜን፣ ይህ ተስፋችን ነው። ግን ማረሻ እንዲሆን የሚጠበቀው ብረቱ ነው። የብረቱን መሣሪያ ዝም ብለን እያየን የልጅን ጭቃ መርገጥ ጀግንነት አይደለም። በዚህ አጋጣሚ ለልጆች ሁሉ አጥብቄ የምነግረውን ልድገም። ሜዳ ላይ የወደቀ ጥይት፣ ቀለሃም ሆነ ማንኛውም የማታውቁት ብረት ለጨዋታ አይነሳም። ካያችሁ አትንኩ፤ ለትልቅ ሰው ተናገሩ። እሾህ ለጦር ይበቃል።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ «ልጆቹ ጦርነት አይተዋል፣ ቁስላቸውን ለምን እንነካካለን?» የሚለው። አዎን፣ አይተዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ከፃግብጂና ከአበርገሌ ብዙ ቤተሰብ ቤቱንና ከብቱን ትቶ ወደ ሰቆጣና አካባቢዋ ተፈናቅሏል። ከዚያ የተመለሱ ልጆች በልጆች ክፍላችን ተቀምጠው ይዘምራሉ። አንድ ቀን ከነሱ አንዱ ሰራዊቱን ደርድሮ ሲጫወት ከወታደሮቹ በስተኋላ እጅ የሌላቸው፣ ፊት የሌላቸው ብዙ የጭቃ እንክብሎች በረድፍ አስቀምጦ አየሁ። «እነዚህስ ምንድን ናቸው?» አልኩት። «እነሱ ወደ ሰቆጣ የሚሄዱት ናቸው» አለኝ። ትልቋን እንክብል በጣቱ ነካ አድርጎ «ይቺ እናቴ ናት፤ ውኃ ይዛለች» አለ።

ይህ ልጅ ከመጣ ጀምሮ ስለዚያ ጉዞ ለማንም አልተናገረም ነበር። በጸሎት ጊዜ ብንጠይቀውም ዝም ይል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ግን መደበቁ አልነበረም፣ መናገሪያ አጥቶ ነበር። ጭቃው መናገሪያ ሆነው። ያን ረድፍ በእግር መርገጥ መንፈሳዊነት ነው የሚለኝ ወንድም ካለ መጥቶ በልጁ ፊት ይንገረኝ።

የጦርነት ጨዋታ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ጨዋታ አይቶ ጽፏል። በአገራችን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ወረራው ያበቃና ተራ በተራ ይሆናል። አንድ እንኳ ከወደቀ በኋላ ቆም ብሎ ማሰብ ግድ ነው ማለት ነው።

መጽሔታችን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ስለሆነ አንድ የሥነ ጽሑፍ ምሳሌ ልጨምር። በ1826 (እ.ኤ.አ.) ፓትሪክ ብሮንቴ የተባለ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለልጁ ለብራንዌል አሥራ ሁለት የእንጨት ወታደሮች ያሉበት ሳጥን አመጣለት። እኅቶቹ ሻርሎት፣ ኤሚሊና አንም ከሳጥኑ አንድ አንድ ወታደር መረጡ፤ ስም አወጡላቸው። ሻርሎት የእሷን ዌሊንግተን አለችው፤ ብራንዌል የእሱን ቦናፓርቴ አለው። በእውነተኛው ዓለም እነዚህ ሁለት ስሞች በዋተርሉ የተዋጉ ጠላቶች ናቸው፤ እዚህ ግን ከአንድ ሳጥን ወጡ። ልጆቹ በእነዚህ ወታደሮች ታሪክ መጻፍ ጀመሩ፤ ከመዳፍ ያነሱ መጽሐፎች በእጃቸው ሰፉ። ሻርሎት አድጋ «ጄን ኤር»ን፣ ኤሚሊ ደግሞ «ዉዘሪንግ ሃይትስ»ን ጻፉ፤ ሁለቱም በ1847 ታተሙ። አባትየው ሳጥኑን እሳት ውስጥ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚቀር እናንተው አስቡ።

እንግዲህ ለመጀመሪያዎቹ ይህን ያህል ይበቃል። አሁን «ተዉአቸው፣ ጀግንነት ይማሩበት» ወደሚሉት ልዙር። ስሕተታቸው የከፋ ነው ያልኩት ፈገግታቸው ስለሚያሞኝ ነው። ልጁ የራሱን ወገን ሲሠራ ሰዓታት ይፈጃል። ጎፈሩን ያስተካክላል፣ ዓይኑን በእሾህ ጫፍ ይነድላል፣ አፍ ይሠራለታል። ጠላት ላይ ሲደርስ ግን ጭቃውን ጨብጦ ይጥለዋል። ፊት የለውም፣ ስም የለውም፤ ሥራው መውደቅ ብቻ ነው። አባትም ያያል፣ ይስቃል። ልጁ ግን በዚያች ቅጽበት አንድ ትምህርት ተምሯል፤ ጠላት ማለት ፊት የሌለው ነገር ነው የሚል።

ይህን ትምህርት ከየት አመጣው? ከእኛ ነው። የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩ የድሮ ሥዕሎችን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ በአገር ውስጥም በውጭ ሙዚየሞችም አሉ። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ ከታች አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ፣ በሁለቱ ወገን መድፍና ጠመንጃ። የአገራችን ሠዓሊዎች ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የወረሱት አንድ ሥርዓት አለ። ደጉ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሳላል። በዓድዋ ሥዕልም በአብዛኛው እኛ ባለ ሁለት ዓይን ነን፤ ጣሊያኑ ባለ አንድ ነው። ሥዕሉን አላቃልልም፤ የአገር ቅርስ ነው፤ ሠዓሊው ወራሪን ወራሪ ማለቱም ትክክል ነው። ለሥዕል ያማረው ሥርዓት ለልብ ሲሆን ግን ይገድላል። ጎረቤታችንን ሁሉ በአንድ ዓይን መሳል ከለመድን ቆይተናል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተገኘው ድል የእኛም ድል ነው፤ ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ሰው ይዘው ዘምተዋል። ልጆች ያን ቀን በጭቃ ቢሠሩት ደስ ይለኛል። ግን ሙሉውን ይሥሩት። ከድሉ በኋላ የኢጣሊያ ምርኮኞች በኋላ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ሲደረግ፣ በኢጣሊያ ሥር ተሰልፈው የተማረኩት አስካሪዎች ግን ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንዲቆረጥ ተፈርዶባቸዋል። አስካሪው ቋንቋችንን የሚሰማ፣ መልኩ መልካችን የሆነ ሰው ነበር። ባዕዱ በሥዕል አንድ ዓይን ሲያጣ፣ ወንድም ግን እጅና እግሩን አጣ። ጦርነትን በጭቃ የሚሠራ ልጅ ይህንንም ማወቅ አለበት፤ አለዚያ የሚማረው ታሪክ ሳይሆን ፉከራ ነው።

«ታዲያ ጨካኝ ጠላትስ? ለእሱም ሁለት ዓይን?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ለዋግ ሰው ቀላል አይደለም። የዋግ ገዥና አርበኛ የነበሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በፋሺስት ወረራ ዘመን ሲገደሉ ራሳቸው ተቆርጦ ሕዝብ እንዲያየው ተደርጓል። ይህን ያደረገውን ወታደር በጭቃ ስሠራ ሁለት ዓይን ልሥራለት?

አዎን፣ ሥራለት። ሥሪለት። ሁለት ዓይን መስጠት ከጥፋቱ ነፃ ማውጣት አይደለም። እንዲያውም ተጠያቂ የሚሆነው ሰው ብቻ ነው። ፊት የሌለው ጭቃ አይፈረድበትም፣ ንስሐም አይገባም። የሰውን ራስ ቆርጦ ለትዕይንት ያቆመ ወታደር ኃጢአቱ የሚከብደው ሁለት ዓይን ያለው፣ እናት የወለደችው፣ የሚያደርገውን የሚያይ ሰው በመሆኑ ነው። ደግሞም ያ ወታደር ሟቹን ፊት እንደሌለው ነገር ባያየው ኖሮ እንዲህ ባላደረገ ነበር። የእሱን ዓይን ተውሰን እሱን መልሰን ካየነው ማሸነፋችን ምኑ ላይ ነው?

ይህ የእኔ ፍልስፍና አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን በዚህ የተሞላ ነው። በ2ኛ ነገሥት 6፥18-23 የሶርያ ሰራዊት ታውሮ በኤልሳዕ መሪነት ሰማርያ መካከል ገባ። ንጉሡ ሊገድላቸው ቸኮለ። ነቢዩ ግን መጀመሪያ ዓይናቸው እንዲከፈት ጸለየ፤ ከዚያ እንጀራና ውኃ እንዲቀርብላቸው አዘዘ፤ በልተው ጠጥተው ወደ ጌታቸው ተመለሱ። ኢያሱም በኢያሪኮ አጠገብ ሰይፍ የመዘዘ ሰው አይቶ ከእኛ ወገን ነህ ወይስ ከጠላቶቻችን ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከሁለቱም አልነበረም (ኢያ. 5፥13-14)። የእግዚአብሔር ሰራዊት አለቃ በእኛ የጭቃ ረድፍ ውስጥ አይደረደርም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳውል አለ። አማኞችን እያሰረ የሚጎትት ሰው ነበር። ሐናንያ ወደ እርሱ እንዲሄድ ሲታዘዝ ፈራ፤ መፍራቱም ተገቢ ነበር። ቢሆንም ሄደ፤ እጁን ጭኖ ወንድሜ ብሎ ጠራው፤ ያን ጊዜ ከሳውል ዓይን ቅርፊት የመሰለ ነገር ወደቀ፣ አየም (ሐዋ. 9፥17-18)። ሐናንያ ሳውልን በልቡ በአንድ ዓይን ስሎ ጨርሶት ቢሆን ኖሮ ያን ደጃፍ አይረግጥም ነበር። ልጁ አሻንጉሊቱን የሚለውጠው ቆብ ቆርጦ ነው። ጌታ ግን ሳውልን በዚያው አካል፣ በዚያው ፊት ለወጠው።

እኛ ወንጌላውያን በዚህ አካባቢ ጥቂቶች ነን። «ጴንጤ» ተብለን በአንድ ዓይን ስንሳል ምን እንደሚያም እናውቃለን። ታዲያ እኛስ የኦርቶዶክስ ጎረቤታችንን፣ ሙስሊም ነጋዴውን፣ ከተከዜ ማዶ ያለውን ሰው በስንት ዓይን እየሳልነው ነው? በስብከታችን ውስጥ ፊት የሌላቸው እንክብሎች የሉም? ጥያቄውን ከልጆቹ በፊት ራሳችን እንመልሰው።

ስለዚህ በልጆች ክፍል ለምታገለግሉ ወጣቶች የምለው ይህ ነው። ጭቃውን አትስበሩ፤ አብራችሁ ቁጭ በሉ። አንደኛ፣ ሁለቱም ሰራዊት በአንድ እጅ፣ በእኩል ትጋት ይሠሩ፤ ለሁለቱም ወገን ዓይን ይነደል፣ ስምም ይውጣ። ሁለተኛ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ቦታ ተለዋውጣችሁ ድገሙት፤ ሕዝቅኤል የራሱን ከተማ ተከብባ እንደ ሠራት፣ የእናንተም ወገን የሚሸነፍበትን ጨዋታ ተጫወቱ። ሦስተኛ፣ ጦር ያልያዙትም ሜዳው ላይ ይኑሩ፤ ውኃ የተሸከመችው እናት፣ በሬው፣ አውድማው። ወታደሩ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር እነሱ የት እንደሚገቡ ልጁ ይንገራችሁ። አራተኛ፣ በመጨረሻ የወደቁትን ሁሉ፣ የሁለቱንም ወገን፣ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ስማቸውን ጥሩ። ዳዊት በላዩ የተነሣበት አቤሴሎም ሲሞት ልጄ እያለ እንዳለቀሰ (2ኛ ሳሙ. 18፥33) ያን ጊዜ አንብቡላቸው። ጨዋታው በኽምጥኛ ከሆነ ንባቡም በኽምጥኛ ይተርጎም፤ ልጅ የሚያለቅሰው በእናቱ ቋንቋ ነው።

ይህ ጦርነትን ያስቀራል ብዬ አላታልላችሁም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 (እ.ኤ.አ.) ስለ አሻንጉሊት ወታደር ጨዋታ መጽሐፍ ጽፎ፣ ጨዋታውን የሞከረ ሰው የእውነተኛውን ጦርነት ጅልነት ይረዳል ብሎ ተከራክሮ ነበር። በዓመቱ አውሮፓ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነደደች። ጭቃ መድፍ አያቆምም። ነገር ግን መድፉን አንድ ቀን ተኩስ የሚባለው ዛሬ ወንዝ ዳር ዋልካ የሚያቦካው ልጅ ነው። ያን ቀን ከፊቱ ያለው ሰው ሁለት ዓይን እንዳለው ያውቅ እንደ ሆነ፣ ጌታ ጠላቶቻችሁን ውደዱ ያለው ትእዛዝ (ማቴ. 5፥44) ለእሱ የቃል ጥናት ብቻ ይሁን ወይም እጁ የሚያውቀው ነገር፣ የሚወሰነው አሁን ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹ ጭቃቸውን ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ አታስጥሏቸው። አስገቧቸው፤ እናንተም እሾህ አንሱና ከጠላት ወገን ያለውን የመጀመሪያውን ወታደር ዓይን ንደሉለት። ጌታ ይባርካችሁ።